ፕሮሰሰርና ራም ለምትገዛ ልጄ

ልጄ፣ ብቸና ወይም ሞጣ ላይ የግራፊክስ ቤት ለመክፈት ገንዘብ እያጠራቀምክ ከሆነ እሰየው ብያለሁ። በጥርና በሚያዝያ የሠርጉ ቪዲዮና የጥሪ ካርዱ፣ በሰኔ የምርቃቱ ባነር፣ በየበዓሉ የማኅበሩ ፖስተር፤ ሥራው እንጀራ አለው። ይሁንና ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ሁሉ ተሰቅሏል። በ2018 ደግሞ የዓለም የራም ፋብሪካዎች ምርታቸውን ወደ ኤአይ ማዕከላት ስላዞሩ ራም ጭራሹን ተወደደ። አንዴ ገዝቶ፣ አልሆነኝም ብሎ ደግሞ የሚገዛበት ዘመን አይደለም። ስለዚህ የሚከተለውን ልብ ብለህ አንብብ።

1ኛ፦ ሥራህ የቱ ላይ እንደሚያስጠብቅህ ሳታውቅ ገበያ አትውጣ። አሁን በምትሠራበት ኮምፒውተር፣ ከሌለህ በጓደኛህ፣ ከበድ ያለ ፋይል ክፈትና ታስክ ማናጀር ውስጥ ገብተህ ፐርፎርማንስ የሚለውን እያየህ ሥራ። ራሙ ከ90 በመቶ አልፎ ዲስኩ መጨነቅ ከጀመረ የጎደለህ ራም ነው። ፕሮሰሰሩ 100 ላይ ከተሰቀለ የጎደለህ የኮር ብዛት ነው። ፕሮግራሙ ተገትሮ ፕሮሰሰሩ 12 ወይም 13 በመቶ ላይ ቢያሳይህ ግን “ይኸማ ሥራ ፈትቷል” እንዳትል። 8 ትሬድ ያለው ፕሮሰሰር አንዷን ትሬድ ብቻ ሙሉ ሲያሠራ የሚያሳየው 12.5 በመቶ ነው፤ ሰባቱ ቆመው እያዩ አንዷ ትለፋለች። እንዲህ ላለው ሥራ ኮር ማብዛት አይረዳህም፤ የእያንዳንዱ ኮር ፍጥነት ከፍ ያለ ፕሮሰሰር ፈልግ።

2ኛ፦ አይ7 የሚል ስቲከር አያማልልህ። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይባል የለ? ሻጩ “አይ7 ነው” ሲልህ “ስንተኛ ጀነሬሽን?” በለው። መልሱ ከሰረዙ በኋላ ያለው ቁጥር ላይ ተጽፏል፤ 2600 ሁለተኛ፣ 8700 ስምንተኛ፣ 12400 አሥራ ሁለተኛ ነው። በ2011 እ.ኤ.አ. የወጣው አይ7-2600 እና በ2022 የወጣው አይ3-12100 ሁለቱም 4 ኮርና 8 ትሬድ አላቸው፤ በአንድ ኮር ፍጥነት ግን ታናሹ አይ3 አይ7ቱን ሁለት እጥፍ ያህል ይበልጠዋል። ዊንዶውስ 11 በይፋ የሚቀበለውም በጥቅሉ ከ8ኛ ጀነሬሽን ወዲህ ያለውን ነው፤ የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 2018 ዓ.ም. ላይ አብቅቷል። የ13ኛ ወይም የ14ኛ ጀነሬሽን የዴስክቶፕ አይ7 ወይም አይ9 ከቀረበልህ ደግሞ ባዮሱ መታደሱን አረጋግጥ፤ እነዚህ ፕሮሰሰሮች በቮልቴጅ ችግር እየተጎዱ መሆኑ ታውቆ ኢንቴል በ2024 እ.ኤ.አ. ማስተካከያ አውጥቶላቸዋል።

3ኛ፦ ለባነር ብለህ ራም ከመጨመርህ በፊት ዲፒአይህን አስተካክል። እስኪ አንዱን እናስላው። ወርዱ 3 ሜትር፣ ቁመቱ 2 ሜትር የሆነ ባነር በ100 ዲፒአይ ሲከፈት 11,811 በ7,874 ፒክስል ይሆናል፤ 93 ሚሊዮን ፒክስል ማለት ነው። በሲኤምዋይኬ እያንዳንዱ ፒክስል 4 ባይት ስለሚይዝ፣ ባነሩን ሙሉ የሚሸፍን አንድ ሌየር 372 ሜጋባይት ይወስዳል። እንዲህ ያለውን ዐሥር ብትደራርብ 3.7 ጊጋ ደረስክ፤ ፎቶሾፕ ወደኋላ ለመመለሻ የሚያስቀምጠው ከዚህ ላይ ይጨመራል። ይኸንኑ ባነር በ300 ዲፒአይ ከከፈትከው ዘጠኝ እጥፍ ይሆንና አንዱ ሌየር ብቻውን 3.3 ጊጋ ይበላል። ከመንገድ ማዶ የሚነበብ ባነር 300 አያስፈልገውም፤ እሱን ለጥሪ ካርድና ለመጽሔት ተወው። በዚህ ልክ ከሠራህ 16 ጊጋ ያሠራሃል፤ ፎቶሾፕና ኢለስትሬተርን አብረህ የምትከፍት ከሆነ 32 ይሁን። ራሙ ሲሞላ ፎቶሾፕ ዲስክ ላይ መጻፍ ስለሚጀምር ዲስክህ ኤስኤስዲ ይሁን።

4ኛ፦ ለሠርግ ቪዲዮ የፕሮሰሰሩን የመጨረሻ ፊደል እይ። ካሜራውም ስልኩም የሚቀርጸው ኤች264 ወይም ኤች265 በሚባል አምቆ በሚይዝ መልክ ነው። ያንን የሚፈታው ኩዊክ ሲንክ የሚሉት ክፍል የሚገኘው በኢንቴል ፕሮሰሰር ውስጥ ካለው ግራፊክስ ጋር ነው። አይ5-12400 አለው፤ አይ5-12400ኤፍ ግን የለውም። በዋጋ ትንሽ ስለቀነሰ ብለህ ኤፍ ያለበትን አትግዛ። 4ኬ የምትቆርጥ ከሆነ ራምህ ከ32 ጊጋ አይነስ።

5ኛ፦ ያገለገለ ዎርክስቴሽን ሲቀርብልህ በኮሩ ብዛት አትደንግጥ። እንደ ኤችፒ ዜድ440 ያለው ማሽን ጠንካራ ነው፤ 8 የራም ማስገቢያም አለው። ውስጡ ያለው ዜዮን ኢ5-2680 ቪ4 ከሆነ 14 ኮር ታገኛለህ፤ መነሻ ፍጥነቱ ግን 2.4 ጊጋኸርዝ ነው። ኢ5-1650 ቪ3 ደግሞ 6 ኮር ብቻ ይዞ በ3.5 ይነሳል። በብሌንደር በፕሮሰሰር ሬንደር ለሚያደርግ 14ቱ ይጠቅሙታል፤ በፎቶሾፕ ለሚውል ወይም የቤት ፕላን በሬቪት ለሚስል ስድስቱ ይሻሉታል። ሁለቱም ኩዊክ ሲንክ የላቸውም፤ ስለዚህ ለቪዲዮ ጥሩ ግራፊክስ ካርድ ካልጨመርክበት አትድከም።

6ኛ፦ ራም በጥንድ ግዛ። አንድ ባለ16 ከምትሰካ ሁለት ባለ8 ስካ፤ ፕሮሰሰሩ በሁለት መስመር እኩል ያነባል። አራት ማስገቢያ ካለ አብዛኛውን ጊዜ ከፕሮሰሰሩ በኩል ሲቆጠር ሁለተኛውና አራተኛው ላይ ይሰካሉ፤ የማዘርቦርዱን መምሪያ እይ። ዲዲአር3፣ ዲዲአር4 እና ዲዲአር5 አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም። ከዜዮን ማሽን የተነቀለ ሬጂስተርድ ራምም ተራ ማዘርቦርድ ላይ አይነሳም፤ “ራም ራም ነው” የሚልህን ሻጭ አትስማው።

7ኛ፦ አገርህን አትርሳ። ብቸናም ሞጣም ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ግድም ላይ ናቸው። በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳርቻው አምስት እጅ አንዱን ያህል ይሳሳል፤ ፋኑ በየዙሩ የሚያወጣው ሙቀትም በዚያው ልክ ይቀንሳል። የደጋው ብርድ በከፊል ይክሰዋል፤ የቡናው ከሰል ከአጠገቡ የሚነድ ከሆነ ግን ብርዱም አይደርስለትም። በመኸር የጤፉ እብቅ ሲነሳ ፋኑን እያስነፋህ አጽዳ። ጫና ሲበዛ እስከ 253 ዋት የሚወስድ አይ9-13900ኬ ከመግዛት በ117 የሚወሰን አይ5-12400 ለእኛ አገር ይመቻል። መብራት ሲጠፋም ጥቅሙን ታየዋለህ፤ ዩፒኤስ ላይ የተጻፈው ቪኤ ዋት አይደለም፣ የሚሸከመው ዋት ብዙ ጊዜ ከዚያ 60 በመቶ ግድም ነው።

8ኛ፦ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታልና ከሱቁ በችኮላ አትውጣ። ከአዲስ አበባ ከገዛህ ለመመለስ ሩቅ ነው፤ እዚያው አስነስተህ የፕሮሰሰሩንና የራሙን ዓይነት በዓይንህ አይተህ፣ የራም ፍተሻ አስደርገህ ተረከብ። ከጎሐ ጽዮን ወደ ደጀን የዓባይን በረሃ ስትሻገር ማሽኑ እንዳይጎዳ ግራፊክስ ካርዱን አስነቅለህ ለብቻው ጠቅልል፤ ኬዙንም ማዘርቦርዱ ከታች እንዲሆን በጎኑ አስተኛው።

9ኛ፦ ሁሉንም ባንድ ቀን አትግዛ። ገንዘቡ ካጠረህ ኤፍ የሌለበት የ12ኛ ጀነሬሽን አይ5፣ ሁለት ባለ8 ጊጋ ራም፣ ኤስኤስዲና ዩፒኤስ ይዘህ ጀምር፤ ማዘርቦርዱ ግን አራት የራም ማስገቢያ ይኑረው። ሁለቱን ክፍት ማስገቢያ የመጀመሪያው የሠርግ ወቅት ገቢ ይሞላቸዋል። ደንበኛ የሚመለሰው ባነሩ በቀጠሮው ቀን ስለደረሰለት ነው፤ ውስጡ ምን ፕሮሰሰር እንዳለ ጠይቆህ አያውቅም።

በል፣ ፈጣሪ ሥራህን ያቃናልህ።