«ሒሳብ»፦ ከታክሲ ጨዋታ እስከ ማስተርስ

አህያ፣ ውሻና ፍየል በአንድ ታክሲ ተሳፈሩ። ረዳቱ «ሒሳብ!» ሲል አህያዋ ወዲያው ከፈለች። ውሻው ድፍን ብር ሰጠና መልሱን ሳይቀበል ወረደ። ፍየሏ ግን ታክሲው ሲቆም ሳትከፍል ዘላ ሮጠች። እስከ ዛሬ ድረስ አህያ መኪና ሲመጣባት «ዕዳ የለብኝም» ብላ ከመንገድ አትነቃነቅም፤ ውሻ መልሱን ፍለጋ መኪና ያሳድዳል፤ ፍየል መኪና ባየች ቁጥር ትሸሻለች።

አዲስ አበባ ያደገ ወላጅ ይህን ጨዋታ ያውቀዋል። ጀሪፍ ያደጉት ልጆቻችንም ጋሪ እየጎተተች ራክሻውን ሁሉ የምታስቆም አህያ በየቀኑ ስለሚያዩ ማስረዳት አያሻቸውም። «ሒሳብ» የሚለው ቃል ደግሞ በዓረብኛም ያው ነው። ሠዓሊው እዝራ ውቤ ይህንኑ ጨዋታ እ.ኤ.አ. በ2011 «ሒሳብ» የተባለ አጭር አኒሜሽን አደረገው።

ይህን ያነሳነው ከፍ ያሉት ክፍሎች ተማሪዎች «በቪዲዮና በኮምፒውተር የሚሠራ ሥነ ጥበብ እስከ ማስተርስ ድረስ ይማሩታል ወይ?» እያሉ ስለሚጠይቁን ነው። አዎን፣ ይማሩታል። እዝራ እ.ኤ.አ. በ1980 አዲስ አበባ ተወለደ፤ በ18 ዓመቱ ወደ አሜሪካ ሄደ፤ የመጀመሪያ ዲግሪውን በማሳቹሴትስ የሥነ ጥበብ ኮሌጅ በ2004፣ ማስተርሱን በኒው ዮርኩ ሃንተር ኮሌጅ በ2009 አገኘ።

አሠራሩን ልብ በሉ። በአንድ ሸራ ላይ ይሥላል፤ ፎቶ ያነሳል፤ በሥዕሉ ላይ ጥቂት ለውጦ እንደገና ያነሳል። የቀደመው ሥዕል በአዲሱ ቀለም ሥር ይቀበራል። ሥራው ሲያልቅ ሸራው ላይ የሚቀረው የመጨረሻው ሥዕል ብቻ ነው፤ ሌላው ሁሉ ያለው በፎቶዎቹ ውስጥ ነው። ታክሲውም አህያዋም የሚንቀሳቀሱት ፎቶዎቹ በፍጥነት ሲከታተሉ ነው። እንግዲህ ኤሌክትሮኒክ የምንለው ጥበብ እዚህ ላይ የቆመው በብሩሽና በትዕግሥት ነው። ኮምፒውተር ካልተገዛልን አንጀምርም የሚሉ ተማሪዎቻችንን የምንሞግታቸውም በዚሁ ነው።

ማስተርሱ በአሜሪካ ብዙውን ጊዜ 2 ወይም 3 ዓመት ይፈጃል። ለመግባት የመጀመሪያ ዲግሪ፣ የመምህራን ድጋፍ ደብዳቤ፣ ስለ ሥራችሁ የምትጽፉት መግለጫና ከሁሉም በላይ ፖርትፎሊዮ፣ ማለትም የሥራችሁ ስብስብ፣ ይጠየቃል። ትምህርቱ በአብዛኛው ፈተና አይደለም፤ ሥራችሁን መምህራንና ጓደኞቻችሁ ፊት አቁማችሁ ሲተቹት መስማት ነው። መጨረሻው ኤግዚቢሽን ነው። በቅርብ የመጀመሪያ ዲግሪ ለሚፈልግ፣ እዚሁ ካርቱም የሱዳን ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ጥበብ ኮሌጅ አለ። በአገር ቤት ደግሞ ሠዓሊ አለ ፈለገ ሰላም የመሠረቱትና ዛሬ በስማቸው የሚጠራው ትምህርት ቤት በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ይገኛል።

የወላጆች ጥያቄ ሌላ ነው፦ «እንጀራ ይወጣዋል?» ልንሸነግላችሁ አንፈልግም። ሥዕሉን ወይም ቪዲዮውን ብቻ ሸጦ የሚኖር ጥቂት ነው። ብዙዎቹ ያስተምራሉ፣ ማስታወቂያ ይሠራሉ፣ በቴሌቪዥን ጣቢያ ፊልም ያቀናብራሉ። ማስተርሱ በአሜሪካ ኮሌጅ ለማስተማር በር ይከፍታል፤ ክፍያው ግን ከባድ ነው። የትምህርት ወጪውን የሚሸፍን ወይም በረዳት መምህርነት የሚያሠራ ትምህርት ቤት እስኪገኝ መጠበቅ እንጂ ተበድሮ መግባትን አንመክርም። ልጁ እየሠራ ቢጠብቅ ፖርትፎሊዮው ይደልባል።

አሁን ወደ ሒሳቡ። ፊልም በ1 ሰከንድ 24 ምስል ያሳያል። አንዱ ሥዕል ለሁለት ምስል ከዋለ 12 ሥዕል ይበቃል፤ ለ1 ደቂቃ 720 ማለት ነው። ለጀማሪ ይህ ብዙ ነውና በሰከንድ 6 አድርጉት፤ ለ10 ሰከንድ 60 ፎቶ ይሆናል። አያታችሁ ከነገሯችሁ ጨዋታ አንዷን ቅንጭብ ምረጡና በጥቁር ሰሌዳ ላይ በጠመኔ እየሣላችሁ፣ እያጠፋችሁ አንሱ። ስልኩ እንዳይነቃነቅ በሁለት ጡብ መካከል አቁሙት፤ ጡብ በጀሪፍ አይቸግርም። የመስኮት ብርሃን ስለሚለዋወጥ ፊልሙ ብልጭ ድርግም ይልባችኋል፤ ማታ በአንድ አምፖል ሥር መሥራት ይሻላል። መሃል ላይ መብራት ከሄደ ሰሌዳውንም ስልኩንም ሳትነኩ ጠብቁ።