በአውሮፕላን ማረፊያ ከሠራተኛ ጋር ስለሚነሣ ክርክር

አንባቢ ሆይ! ሰው በቤቱ ተቀምጦ ሳለ ትዕግሥተኛ መስሎ ይታያል። ጠባዩ የሚመረመረው ግን ሌሊቱን ሳይተኛ አድሮ፥ ሻንጣውን እየጐተተ ረጅም ሰልፍ ቆሞ፥ ከባንኮኒው ፊት በደረሰ ጊዜ «ዛሬ መሄድ አይችሉም» ሲባል ነው። በዚያች ሰዓት ምን ማድረግ እንደሚገባ ልነግርህ የተነሣሁት እኔ ራሴ ወድቄባት ስላየኋት ነው።

ወንድሜ ባረፈ ጊዜ ለቀብሩ ልደርስ ከአንድ የአውሮፓ ከተማ ወደ አዲስ አበባ እቸኵል ነበር። በቲኬቱ የተጻፈው የእኔና የአባቴ ስም ብቻ ሲሆን በፓስፖርቴ ላይ የአያቴም ስም ነበረበት። በባንኮኒው የቆመችው ወጣት ስሙ አይስማማም ብላ አገደችኝ። እኔም ኀዘኔን ሳልነግራት፥ የአገሬንም የስም ልማድ ሳላስረዳት፥ ድምፄን ከፍ አድርጌ በሰው ሁሉ ፊት ዘለፍኋት። እርስዋም ዝም ብላ አለቃዋን ጠራች፤ አለቃውም ጩኸቴን ሰምቶ ኖሮ ፈቀቅ ብዬ እንድቈይ አዘዘኝ። ከኋላዬ በነበሩት በአንዲት የአገራችን እናት ቲኬት ላይም ያው ስሕተት ነበረ። እርሳቸው ግን ፓስፖርታቸውን ዘርግተው በጣታቸው እያመለከቱ፥ ይህ የእኔ፥ ይህ የአባቴ፥ ይህም የአያቴ ስም ነው፤ እኛ የቤተ ሰብ ስም የለንም ብለው በቀስታ አስረዱአት። ያችው ወጣት ስልክ ደውላ ስሙን አስተካክላ አሳለፈቻቸው። የእኔ ነገር እስኪታይ ምዝገባው ተዘጋ፤ ወንድሜንም ሳልቀብር ቀረሁ፤ የደረስሁት ለሠልስቱ ነው።

በተመለስሁ ጊዜ ይቅርታ ልጠይቃት ፈልጌ አገኘኋት። እርስዋ ግን አላስታወሰችኝም፤ የሚጮኽባት ሰው በየቀኑ አለና።

ወዳጄ ሆይ፥ በባንኮኒው የቆመው ሰው የሚችለውንና የማይችለውን ለይተህ ዕወቅ። ብዙ ጊዜ ቲኬቱን የሸጠልህ አየር መንገድ ተቀጣሪ እንኳ አይደለም፤ የብዙ አየር መንገዶችን ተሳፋሪ ለማስተናገድ በውል የሚሠራ የሌላ ድርጅት ሰው ነው። ዋጋውን አልወሰነም፤ ጭጋጉን አላመጣም፤ ሞተሩንም አላበላሸም። ወረቀትህን ደጋግሞ የሚያየውም ስለሚጠላህ አይደለም፤ ቪዛ የሌለውን ሰው ያመጣ አየር መንገድ በብዙ አገሮች ሕግ መቀጮ ይከፍላል፥ ሰውየውንም ይመልሳል። የሻንጣም ነገር እንዲሁ ነው። ብዙዎቹ አየር መንገዶች አንዱን ሻንጣ ከ32 ኪሎ በላይ ሲሆን አይቀበሉም፤ የሚያነሣው የሰው ወገብ ነውና። እኛ ግን በርበሬውንና ሽሮውን፥ የድርቆሹንም ጥቅል በቤታችን ሳንመዝን አጭቀን እንመጣና፥ በመሬት ላይ ዘርግተን እየቀነስን ሚዛኑን እንረግማለን። ይህን ስጽፍ የራሴን ሻንጣ አስቤ አፍራለሁ።

ነገር ግን በቀስታ መናገር መብትን መተው አይደለም። ይህን ያልለየ ሰው ወይ ይጮኻል፥ ወይ አፉን ይዞ ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ በሁለቱም ይጐዳል። እንግዲህ በረራው ቢሰረዝ ወይም ቦታ ሞልቶአል ብትባል፥ ምክንያቱን በጽሑፍ እንዲሰጡህ በትሕትና ጠይቅ፤ ሰዓቱን መዝግብ፤ የምግብህንና የማደሪያህን ደረሰኝ አትጣል። ከአውሮፓ ኅብረት አገር የምትነሣ እንደ ሆነ በ2004 (በአውሮፓ አቈጣጠር) የወጣው ቍጥር 261 ደንብ አለልህ። ቦታ ቢጠብብ አየር መንገዱ አስቀድሞ በፈቃዱ የሚቀር ሰው መፈለግ ይገባዋል፤ ያለ ፈቃድህ ቢያስቀርህ ግን እንደ መንገዱ ርዝመት 250፥ 400 ወይም 600 ዩሮ ካሣ እንዲከፍልህ ደንቡ ያዝዛል። በክፉ አየር ምክንያት የተሰረዘ ከሆነ ካሣው ይቀራል፤ ምግቡና ማደሪያው ግን አይቀርም። ወረቀትህ ጐድሎ የታገድህ እንደ ሆነ ስለ መቅረትህ ካሣ የለህም። ከአዲስ አበባ ወደ አውሮፓ ስትሄድም ደንቡ የሚሠራው አየር መንገዱ የኅብረቱ ሲሆን ብቻ ነው።

ስለ ሻንጣ ደግሞ በ1999 (በአውሮፓ አቈጣጠር) በሞንትሪያል የተደረገው ስምምነት አለ፤ ኢትዮጵያም ከተዋዋዮቹ አንዲቱ ናት። ተሰብሮ ስለ መጣ ሻንጣ ከተቀበልህበት ቀን ጀምሮ በ7 ቀን ውስጥ፥ ዘግይቶ ስለ መጣውም በ21 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ካላመለከትህ ክስህ ይወድቃል፤ ለዳኛ ለማቅረብም የተሰጠው ጊዜ 2 ዓመት ነው። ስለዚህ ከአዳራሹ ሳትወጣ ወደ ሻንጣ ክፍል ሂድ፤ ጕዳቱን አሳይ፤ ቅጹን አስሞልተህ ቍጥሩን ያዝ። በዚያ የምታገኘው ሠራተኛ ሻንጣህን የሰበረው ሰው አይደለም፤ ቅጽህን የሚጽፍልህ ግን እርሱ ነው።