ጆይን ድምርን ሲያባዛ

የዳታቤዝ ፈተና ለደረሰባችሁ፣ በኤስኪውኤል ብዙ ሰው የሚሳሳትበትን አንድ ቦታ እንይ።

የባቢሌን ኦቾሎኒ ከገበሬ የሚረከብ ማኅበር አለ እንበል። ሰንጠረዦቹ ሦስት ናቸው፦ ገበሬ፣ ርክክብ፣ ክፍያ። አንዲት እናት 40፣ 50 እና 60 ኪሎ አስረከቡ፤ 150 ኪሎ መሆኑ ነው። ክፍያው በሁለት ጊዜ 2,000 እና 3,000 ብር ደረሳቸው። ሦስቱን በጆይን አገናኝተን፣ በገበሬ ቁጥር ግሩፕ ባይ አድርገን ሳም ብንጠይቅ 300 ኪሎና 15,000 ብር ይወጣል! ማሽኑ ስህተት አለ አይልም። ጆይን እያንዳንዱን ርክክብ ከእያንዳንዱ ክፍያ ጋር ስለሚያጣምር 3 በ2 ተባዝቶ 6 ረድፍ ሆነ፤ ሳም የደመረው እሱን ነው። በመዝገቡ ላይ እኚህ እናት ያልተቀበሉት 10,000 ብር ተጽፎባቸዋል።

ዲስቲንክት ጨምሬ አስተካክላለሁ የሚል አለ። ይሄ የባሰ ነው፤ በሁለት ቀን እኩል 50 ኪሎ ያመጣ ሰው አንዱ ይጠፋበታል።

ይልቅ ርክክብን ለብቻው በገበሬ ቁጥር ደምሩ፤ ክፍያንም ለብቻው። አሁን በሁለቱም በኩል ለአንድ ገበሬ ከአንድ ረድፍ በላይ የለም። ከዚያ ከገበሬ ሰንጠረዥ ጀምራችሁ በሌፍት ጆይን አገናኙ። ሌፍት የተባለው ገና ምንም ያላስረከበ ገበሬ ከዝርዝሩ እንዳይወጣ ነው፤ ድምሩ ነል ስለሚሆን በኮአለስ 0 አድርጉት።

ርክክብን ብቻ በሌፍት ጆይን አገናኝታችሁ ስትቆጥሩ ደግሞ፣ ካውንት ኮከብ ያንን ገበሬ 1 ጊዜ እንዳስረከበ ይቆጥረዋል። በካውንት ውስጥ የርክክብ ቁጥርን አስገቡ፣ 0 ይላችኋል። «ከ100 ኪሎ በላይ ያስረከቡ» ከተባላችሁ ቦታው ዌር ሳይሆን ሃቪንግ ነው፤ ዌር ከመደመሩ በፊት ነው የሚያጣራው።