የመሥሪያ ቤት ሥራ የሚበላሽበት ምክንያት

የመሥሪያ ቤት ሥራ የሚበላሸው በአንድ ቀን አይደለም፤ ነቀዝ የገባበት ጎተራ ከውጭ ሲያዩት ደኅና እንደሚመስል፥ ሹም ሁሉ «ደኅና ነው» ሲል ውስጡ ይበላል።

በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር አዋጅ በወጣ ጊዜ፥ የጐጃም ገበሬ ግምቱ ርስቱን ለማስለካትና ለመንጠቅ የመጣ መሰለው። ፍኖተ ሰላምና ቡሬ ባሉበት በዳሞት አውራጃም ገማቾችን እምቢ አለ። አቤቱታው እስከ አዲስ አበባ ቢደርስም በጊዜው መፍትሔ ስላላገኘ፥ ነገሩ ጦር እስከ መላክ ደረሰ፤ በመጨረሻም አገረ ገዢው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ከጐጃም ተነሡ።

ስለዚህ ሹም የሆነ ሰው ግብር ከማስገመቱ አስቀድሞ ምክንያቱን ለሕዝቡ ያስረዳ፤ የገመተው ሰው የአቤቱታ ዳኛ እንዳይሆን ይከልክል፤ ክፉ ወሬ ያመጣለትንም የበታች ሹም አይገሥጽ።