የወይራ እንጨትና የወተት ዕቃ

በአገራችን በብዙ ቤት ማለቢያውና መናጫው ቅል ወተት ሳይገባበት በፊት በወይራ ይታጠናል። ልማዱ መልካም ነው፤ በጢሱ ውስጥ ያሉት ፌኖልና ፎርማልዴሃይድ የተባሉት ንጥረ ነገሮች ወተት የሚያበላሹትን ረቂቃን ተሕዋስያን ያዳክማሉና። ነገር ግን እንጨቱ በእርግጥ ወይራ፣ ያውም የደረቀ ሊሆን ይገባዋል።

ወይራ በቁሙ ሳለ ቅጠሉን ገልብጦ ማየት ነው፤ ላዩ አንጸባራቂ ጥቁር አረንጓዴ፣ ታቹ ወደ ቡናማ ያደላ ነው። ቅጠሎቹም ጥንድ ጥንድ ሆነው ፊት ለፊት ይበቅላሉ። በገበያ ግን ቅጠል የለምና ፍልጡን መመርመር ያሻል። ልቡ ጠቆር ያለ ቡናማ ሆኖ ሞገድ የመሰለ መስመር ይታይበታል፤ ሲያነሡትም እጅን ይከብዳል። ቀለም የተቀባ ሳንቃ ወይም መድኃኒት የጠጣ የስልክ እንጨት ስባሪ ቢገኝበት፣ ለማጠኛ ቀርቶ ለምድጃም አይግባ፤ መርዙ በጢሱና በአመዱ ይወጣል።

አዲስ ከተቆረጠ እንጨት ክብደት ሲሶ የሚያህለው፣ አንዳንዴም ከዚያ የሚበልጠው ውኃ ነው። እሳቱ ኃይሉን ያን ውኃ በማትነን ስለሚጨርስ እንጨቱ ከመንደድ ይልቅ ይጨሳል፤ ጢሱም ቅጥራን የበዛበት ሆኖ ወተቱን ያመርረዋል፤ የምታጥነውን እናትና ያዘለችውን ሕፃን ዓይንና ሳንባ ይጎዳል። የዓለም የጤና ድርጅት እንደ ገመተው በ2020 እ.ኤ.አ. ብቻ የቤት ውስጥ ጢስ ለ3.2 ሚሊዮን ሰዎች ሞት ምክንያት ሆኗል። ስለዚህ እንጨቱን ፈልጦ፣ ከመሬት በድንጋይ ከፍ አድርጎ፣ ነፋስ እንዲያልፍበት አራርቆ መደርደር ያስፈልጋል፤ ላዩ ከዝናም ይከደን፣ ጎኑ ክፍት ይሁን። ብዙ ሰው በጆንያ ጠቅልሎ ጥግ ያኖረዋል፤ ይህ ማሻገት እንጂ ማድረቅ አይደለም። እንደ ወይራ ላለ ጠጣር እንጨት አንድ ዓመት ቢቆይ ይመረጣል፤ በሰሜን አሜሪካ ሥጋ የሚያጥኑበት ሂኮሪ የተባለው እንጨትም በዚሁ ሥርዓት ይደርቃል። የመድረቁ ምልክት ጫፉ መሰንጠቁ፣ ልጡ መላቀቁ፣ ሁለቱን ቢያጋጩ ጥርት ያለ ድምፅ መስጠቱ ነው። መምህራን አንድ ፍልጥ በየወሩ እያስመዘኑ፣ ክብደቱ መቀነሱን እስኪያቆም ድረስ ለተማሪዎች ቢያሳዩ ነገሩ በቀላሉ ይገባቸዋል።

ዕቃው አስቀድሞ በፈላ ውኃ ይታጠብና ይድረቅ፤ ከዚያ በደጅ ይታጠን፤ የከሰለውም ብናኝ በንጹሕ ጨርቅ ተወልውሎ ይውጣ። ጢስ ግን ዕቃውን እንጂ ወተቱን አያነጻም። ከታመመች ላም የሚተላለፉትን የነቀርሳና የብሩሴሎሲስ ተሕዋስያን የሚገድላቸው ማፍላት ነው። «ከፈላ የወይራው መዓዛ ይጠፋል» የሚሉ አሉ፤ ወተቱን አስቀድመው አፍልተው፣ ከበረደ በኋላ ወደ ታጠነው ቅል ቢገለብጡት መዓዛው ያው ይገኛል።