ስሙ ሳረንስት፣ አካሄዱ ሐረግ

የዛሬው የሳይንስ ዓምዳችን ስለ አንድ ግራ የሚያጋባ ተክል ነው። አበባ የለውም። ፍሬ የለውም። ዘርም የለውም። ግን ቁጥቋጦ ላይ እየተንጠላጠለ ብዙ ሜትር ይሄዳል። ኒውዚላንድ ውስጥ ይበቅላል። የእንግሊዝኛ ስሙ ወደ አማርኛ ሲመለስ «ባለ ዱላው ወጪ ሳረንስት» እንደ ማለት ነው። ታዲያ ስሙን ብቻ አይቶ «ይሄማ ሳረንስት ነው» ብሎ ፈተና ላይ የጻፈ ተማሪ ነጥቡን ያጣል። ለምን? አብረን እንየው።

1ኛ. ሳረንስት ያልሆነው ለምንድን ነው?

ሳረንስት ወይም ሞስ የምንለው በክረምት በእርጥብ ድንጋይና በአሮጌ ግንብ ላይ እንደ ምንጣፍ የሚነጠፈውን አረንጓዴ ነገር ነው። እውነተኛ ሥር የለውም። ውሃን ከታች ወደ ላይ የሚያደርሱ ጠንካራ ቱቦዎችም የሉትም። ውሃ የሚመጠው በሰውነቱ ሁሉ ስለሆነ አጭር ሆኖ ይቀራል።

የኒውዚላንዱ ተክል ግን እውነተኛ ሥር፣ ግንድና ቅጠል አለው። በግንዱ ውስጥም ውሃና ምግብ የሚያመላልሱ ቱቦዎች አሉት። ቱቦ ስላለው ነው ርቆ መሄድ የቻለው። ሳይንቲስቶች እሱንና ዘመዶቹን ሊኮፋይት በሚባል የራሳቸው ምድብ ውስጥ አስቀምጠዋቸዋል። ስለዚህ ሳረንስት አይደለም፤ ፈርንም አይደለም።

2ኛ. እንዴት ይወጣል?

ዱባ ሲወጣ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እንደ ሽቦ የሚጠመጠሙ ቀጫጭን ክሮች አሉት። ባለ ሐረጉ ቦሎቄ ደግሞ ግንዱ ራሱ በእንጨቱ ዙሪያ ይጠመዘዛል። የእኛ ተክል እንደ ዱባ መያዣ ክር የለውም። ቀጭን ግንዱን በቁጥቋጦው ቅርንጫፎች መካከል እያስገባ፣ እየተደገፈና እየተጠማዘዘ ወደ ብርሃን ይሄዳል።

ቅጠሎቹ ሁለት ዓይነት ናቸው። በዋናው ግንድ ላይ ያሉት እንደ መርፌ የቀጠኑ ናቸው። በጎን ቅርንጫፎቹ ላይ ያሉት ደግሞ እንደ ማጭድ ጎበጥ ብለው በግራና በቀኝ ተደርድረዋል። ቅርንጫፉ በመጽሐፍ መካከል ተጭኖ የደረቀ ይመስላል፣ ጠፍጣፋ ነው። ጠፍጣፋ መሆኑ ብርሃን ለመቀበል ይመቸዋል።

3ኛ. የት ይኖራል?

በኒውዚላንድ ሁለት ትልልቅ ደሴቶች ላይና በአካባቢያቸው ባሉ ትንንሽ ደሴቶች ይገኛል። የሚወደው ጥቅጥቅ ያለ ጨለማ ጫካ እንዳይመስላችሁ። የጫካ ዳር፣ ቁጥቋጦ ያለበት ገላጣ ቦታ፣ መንገድ ሲቆረጥ የተጋለጠ የሸክላ አፈር ግድግዳ፣ ሌላው ተክል «ለም አይደለም» ብሎ የተወው መሬት፣ ቤቱ እዚያ ነው። ማኑካ በሚባለው የአገሩ ቁጥቋጦ ላይ ተደግፎ ይታያል። ትልልቅ ዛፎች አድገው ጥላቸውን ሲጥሉበት ግን እየቀነሰ ይሄዳል።

4ኛ. ሁለት ሕዝብ፣ አንድ ሐሳብ

የአገሩ ነባር ሕዝብ ማኦሪዎች ተክሉን «ዋኤዋኤኮውኮው» ይሉታል። ትርጉሙ «የጉጉት እግር» ነው። የሳይንስ ስሙ ደግሞ ሊኮፖዲየም ቮሉቢሌ ነው። ሊኮፖዲየም ከግሪክ ቋንቋ የመጣ ሲሆን «የተኩላ እግር» ማለት ነው። ቮሉቢሌ «የሚጠማዘዝ» ማለት ነው። ይገርማል አይደል? አንዱ ጉጉት አለ፣ አንዱ ተኩላ አለ፣ ሁለቱም ግን እግር ታያቸው።

ይህን የሳይንስ ስም እ.ኤ.አ. በ1786 ያወጣለት ጌኦርግ ፎርስተር የሚባል ጀርመናዊ ነው። ከአባቱ ጋር በካፒቴን ጄምስ ኩክ መርከብ ሲሳፈር ዕድሜው ገና 17 ነበር! ሥራው አባቱን መርዳትና ያዩትን ተክልና እንስሳ መሣል ነበር። ሥዕል የምትወዱ ተማሪዎች፣ ልብ በሉ።

5ኛ. ያለ ዘር እንዴት ይራባል?

ዋናው ምሥጢር እዚህ ላይ ነው። ከቅርንጫፎቹ ጫፍ ጣት የሚያህሉ ቀጫጭን ዱላዎች በዘለላ ይንጠለጠላሉ። «ባለ ዱላ» ያሰኘውም ይህ ነው። በውስጣቸው ከዱቄት የላመ ስፖር አለ፤ ሲደርስ ነፋስ ይወስደዋል።

ስፖሩ መሬት ላይ ሲወድቅ ወዲያው አረንጓዴ ሐረግ የሚሆን እንዳይመስላችሁ። አፈር ውስጥ ገብቶ ትንሽ እብጠት የመሰለ ሌላ አካል ይሆናል። ይህ አካል ብርሃን ስለማያገኝ ምግቡን ራሱ አይሠራም። የሚመግበው አብሮት የሚኖር ፈንገስ ነው። እዚያው ጨለማ ውስጥ ለዓመታት ሊቆይ ይችላል። በመጨረሻ የወንዴና የሴቴ ሕዋስ ያወጣል። የወንዴው ሕዋስ ወደ ሴቴው የሚደርሰው በአፈሩ እርጥበት ውስጥ እየዋኘ ነው። ሲገናኙ ነው እንግዲህ የምናየው አረንጓዴ ተክል የሚበቅለው።

አያችሁ? ተክሉ ሁለት ሕይወት አለው፤ አንዱ በብርሃን፣ አንዱ ከአፈር በታች። ላዩን ነቅሎ የጣለ ሰው «ነገ ይበቅላል» ቢል ተሳስቷል። ከስፖር እንደገና እስኪተካ ዓመታት ይፈጃል፤ ያውም ፈንገሱና እርጥበቱ ካለ ነው።

6ኛ. ዘመዶቹ

ከ300 ሚሊዮን ዓመታት በፊት የሊኮፋይት ዘመዶች ከ30 ሜትር በላይ የሚረዝሙ ዛፎች ነበሩ። ረግረግ ውስጥ ወድቀው፣ በአፈር ተቀብረውና ተጨምቀው የድንጋይ ከሰል ሆነዋል። የአንድ አውሮፓዊ ዘመዱ ደረቅ ስፖር ደግሞ አየር ላይ ብን ሲል ቦግ ብሎ ይነዳል። ፈረንሳውያኑ የኒየፕስ ወንድማማቾች እ.ኤ.አ. በ1807 በዚህ ብናኝ የሚሠራ ሞተር ፈጥረው ጀልባ ነድተውበታል።

እኛም አገር የዚሁ ምድብ አባል አለ። ሴላጊኔላ አቢሲኒካ ይባላል፤ ስሙ የተወሰደው ከኢትዮጵያ የድሮ ስም ነው። ትንሽ፣ ጥላና እርጥበት የሚወድ ተክል ነው። ብዙ ሰው «ሳረንስት ነው» ብሎ ረግጦት ያልፋል። እናንተ ግን ከዛሬ በኋላ ጎንበስ ብላችሁ እዩት፤ አትንቀሉት፤ የቆመበትን ጥላም አትመንጥሩበት።

ራሳችሁን ፈትኑ

ሀ) ተክሉን ከሳረንስት የሚለዩትን ሁለት ነገሮች ጥቀሱ።
ለ) ከአፈር በታች ያለው አካል ምግቡን ከየት ያገኛል?
ሐ) እርጥበት ባይኖር መራባት የማይችለው ለምንድን ነው?

መልሱን በወረቀት ጽፋችሁ ለሚኒ ሚዲያ ክበባችን ስጡ። ትክክል የመለሱትን ስም በሰልፍ ሰዓት እናነባለን። በሚቀጥለው እትም እስክንገናኝ ደህና ሁኑ!