የመስፍኑ ቤትና እንግዶቹ

በእንግሊዝ አገር፣ ደርቢሸር በሚባለው ክፍለ ሀገር፣ ከደርዌንት ወንዝ አጠገብ አንድ ትልቅ የድንጋይ ቤት አለ። ስሙ ቻትስዎርዝ ይባላል። ክፍሎቹ ከመቶ ይበልጣሉ። የካቬንዲሽ ቤተሰብ መሬቱን የገዛው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1549 ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።) የቤተሰቡ አለቃ የዴቨንሸር መስፍን ይባላል። ዛሬ የሚታየው ቤት አብዛኛው ከ1687 እስከ 1707 የተሠራ ነው።

ይህን ያህል ክፍል ምን ያደርጋል? ለእንግዳ ነው። በዚያ ዘመን የባላባት ክብር የሚለካው በሚያስተናግደው ሰው ነበር። የመጀመሪያው መስፍን ንጉሥ ዊልያምና ንግሥት ሜሪ ይመጣሉ ብሎ ያማሩ ክፍሎች አሠራ። እነሱ ግን አልመጡም።

ስድስተኛው መስፍን ደግሞ የሩሲያው ንጉሠ ነገሥት ኒኮላስ በ1844 እንግሊዝን እንደሚጎበኝ ሰማ። ምናልባት ወደ እኔም ይመጣል ብሎ፣ ወደ ሰማይ የሚፈናጠር ውኃ እንዲሠራለት አትክልተኛውን ዮሴፍ ፓክስተንን አዘዘ። ፓክስተን የገበሬ ልጅ ነው። ከቤቱ በላይ፣ ከተራራው ላይ ሦስት ሄክታር ያህል ስፋት ያለው ኩሬ አስቆፈረ። ሠራተኞቹ ሌሊት ሳይቀር በችቦ ብርሃን እየቆፈሩ ሥራው በስድስት ወር አለቀ።

ይኸ ውኃ ሞተር የለውም። ከከፍታ በቧንቧ ታፍኖ ይወርድና፣ ታች ጠባብ መውጫ ሲያገኝ በራሱ ግፊት ወደ ላይ ይወረወራል። ውኃ ጠልፎ መስኖ ያጠጣ ሰው ነገሩ አይከብደውም። እስከ 90 ሜትር ድረስ ወጥቷል። ንጉሠ ነገሥቱ እንግሊዝ መጣ፤ ቻትስዎርዝ ግን ሳይደርስ ተመለሰ! ድካሙ ግን ከንቱ አልቀረም፤ በ1893 የተራራው ውኃ ለቤቱ የኤሌክትሪክ መብራት ሰጠ።

ለዚህ ሁሉ ገንዘቡ ከየት መጣ? ዋናው መሬት ተከራይተው ከሚያርሱ ገበሬዎች ነው። ከመዳብ ማዕድንም ይገኝ ነበር። በቤቱ አቅራቢያ ኤንሰር የምትባል መንደር ነበረች። ከቤቱ ሲያዩ እንዳትታይ ተብሎ ቤቶቿ ፈረሱ፤ ነዋሪዎቿም ወደ ሌላ ቦታ ተዛወሩ። አዲሶቹ ቤቶች ጥሩ የድንጋይ ቤቶች ናቸው። ቢሆንም ለሌላው ሰው መስኮት ተብሎ የገዛ ቤትን ማፍረስ ያስቆጫል።

በ1950 አሥረኛው መስፍን ሞተ። መንግሥት ከውርሱ ላይ ከመቶ 80 ግብር ጠየቀ። ወራሹ ብዙ መሬት ሸጠ። የከበሩ ሥዕሎችንና ሃርድዊክ የተባለውን ሌላ ትልቅ ቤት ለመንግሥት አስረከበ። ዕዳው ተከፍሎ እስኪያልቅ ብዙ ዓመት ፈጀ።

ያን ጊዜ ቤቱን ያቆመው እንደገና እንግዳ ነው። አሁን ግን እንግዳው ንጉሥ ሳይሆን ከፍሎ የሚገባ ተራ ሰው ነው። ሰዎች ከነልጆቻቸው መጥተው ሥዕሉንና አትክልቱን ያያሉ፤ ያንኑ የሚፈናጠር ውኃ ቆመው ይመለከታሉ። በ1981 ቤቱን የሚያስተዳድር የበጎ አድራጎት ድርጅት ተቋቋመ። የመስፍኑ ቤተሰብም እዚያው ይኖራል፤ ለሚኖርበት ክፍል ለድርጅቱ ኪራይ ይከፍላል።